በኤሌክትሮንና በፖዚትሮን ብተና የሁለት ፎቶን ልውውጥን እንዴት መለካት ይቻላል

ኤሌክትሮን በፕሮቶን ላይ ሲበተን በሁለቱ መካከል አንድ ምናባዊ (ኃይሉን የሚያስተላልፍ፣ ነገር ግን በዳሳሽ የማይያዝ) ፎቶን ብቻ እንደሚያልፍ አድርጎ ማስላት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በቂ ሆኖ ቆይቷል። ሁለተኛ ፎቶን ሲታከል የሚመጣው ለውጥ በግምት ከ137 አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ብዙ ተመራማሪዎች በእርማት ሠንጠረዥ ግርጌ ከመጥቀስ ያለፈ ትኩረት አልሰጡትም ነበር። ይህን መረጋጋት ያናጋው በሁለት የመለኪያ ዘዴዎች መካከል የተፈጠረው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሮዘንብሉት ባወጣው ቀመር ላይ የቆመው ነባሩ ዘዴ፣ የፕሮቶን ኤሌክትሪካዊና መግነጢሳዊ ፎርም ፋክተሮች (ቻርጅና መግነጢስ በፕሮቶኑ ውስጥ እንዴት እንደተሰራጩ የሚገልጹ ቁጥሮች) ጥምርታ በፕሮቶኑ መግነጢሳዊ ሞመንት በ2.793 ሲባዛ ወደ 1 የተጠጋ ሆኖ እንደሚዘልቅ ያሳያል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ጄፈርሰን ላብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የታተሙት፣ የተበተነውን ፕሮቶን የስፒን አቅጣጫ የሚለኩት ሙከራዎች ግን ይኸው ጥምርታ የሞመንተም ልውውጡ እያደገ ሲሄድ ቀጥ ባለ መስመር እንደሚወርድ አሳዩ። ሁለቱም ዘዴዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ። ነባሩን ዘዴ በተሻለ ትክክለኛነት ለመድገም የተበተነውን ኤሌክትሮን ትቶ ፕሮቶኑን የቆጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የጄፈርሰን ላብ ሙከራም የነባሩን ዘዴ ውጤት አጸና።

ለልዩነቱ መነሻ ተብሎ በቀዳሚነት የሚጠረጠረው በስሌት ያልተያዘው የሁለት ፎቶን ልውውጥ ነው። ጥርጣሬውን በቀጥታ የሚፈትነው መንገድ ደግሞ ብተናውን አንድ ጊዜ በኤሌክትሮን፣ ሌላ ጊዜ አዎንታዊ ቻርጅ ባለው አቻው በፖዚትሮን ሠርቶ ሁለቱን ክሮስ ሴክሽኖች (ብተናው የሚከሰትበትን ዕድል የሚለኩ ቁጥሮች) ማካፈል ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዘርፉ ለሚጀምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሲሆን፣ ከተቆጠሩ ክስተቶች ተነሥቶ አንድ ታማኝ ቁጥር ላይ እንዴት እንደሚደረስ ያሳያል። ማካፈሉ ራሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወራት የሚወስደው፣ ስናካፍል የሚጠፋውን ከማይጠፋው መለየት ነው።

ጥምርታው ለምን እንደሚሠራ በአንድ አንቀጽ ማየት ይበጃል። የአንድ ፎቶን ልውውጥ አምፕሊትዩድ በሌፕቶኑ (እዚህ ኤሌክትሮኑ ወይም ፖዚትሮኑ) ቻርጅ አንድ ጊዜ ይባዛል፤ የሁለት ፎቶኑ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ክሮስ ሴክሽኑ የሚገኘው ድምራቸውን በካሬ በማሳደግ ስለሆነ፣ የሁለቱ ኢንተርፌረንስ የሌፕቶኑን ቻርጅ ሦስት ጊዜ ይይዛል፤ ሦስት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ ቻርጁ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ሲለወጥ የዚህ ክፍል ምልክት አብሮ ይገለበጣል። ዋናው የአንድ ፎቶን ክፍል ግን ቻርጁን በካሬ ስለሚይዝ አይለወጥም። ስለዚህ ኢንተርፌረንሱ የኤሌክትሮኑን ክሮስ ሴክሽን በዴልታ መጠን ቢጨምር የፖዚትሮኑን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የፖዚትሮን ለኤሌክትሮን ጥምርታም ከአንድ ላይ ሁለት ዴልታ ተቀንሶ የሚቀረው ይሆናል። የምልክቱን ስምምነት አሁኑኑ በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ ዴልታን ለኤሌክትሮን የሚተረጉሙና ለፖዚትሮን የሚተረጉሙ ጽሑፎች ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደው ስህተት የምልክት ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሚለኩበትን ቦታ ያስሉ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ሁለት ቁጥሮችን ከማወቅ ነው። የመጀመሪያው የሞመንተም ልውውጡ ካሬ ሲሆን ከዚህ በኋላ ኪው-ካሬ እንለዋለን። ሁለተኛው ከዜሮ እስከ አንድ የሚሄደውና የምናባዊውን ፎቶን ፖላራይዜሽን የሚገልጸው ኤፕሲሎን ነው፤ ሌፕቶኑ ወደ ፊት በጠባብ ማዕዘን ሲበተን ወደ አንድ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

በጀርመን ሃምቡርግ በዴዚ ቤተ ሙከራ የተካሄደውን የኦሊምፐስ ሙከራ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ የጨረሩ ኢነርጂ 2.01 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነበር። ሌፕቶኑ በ60 ዲግሪ ከተበተነ የግማሽ ማዕዘኑ ሳይን ካሬ 0.25 ነው። የጨረሩን ኢነርጂ እጥፍ ለፕሮቶኑ ግዝፈት ለ0.938 አካፍለው በ0.25 ሲያባዙት 1.07 ያገኛሉ፤ 2.01ን ለ2.07 ሲያካፍሉት ደግሞ የተበተነው ሌፕቶን ኢነርጂ 0.97 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ ይወጣል። ኪው-ካሬ የሁለቱ ኢነርጂዎች ብዜት በአራትና በሳይን ካሬው ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህም 1.95 ይሆናል። ይህን ለአራት እጥፍ የፕሮቶን ግዝፈት ካሬ፣ ማለትም ለ3.52 ስናካፍለው ታው የሚባለውን 0.554 እናገኛለን። በመጨረሻም የኤፕሲሎን ግልብጥ አንድ ሲደመር፣ ሁለት በአንድ-ሲደመር-ታው በግማሽ ማዕዘኑ ታንጀንት ካሬ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ኤፕሲሎን 0.49 ነው። በ12 ዲግሪ ይህንኑ ስሌት ቢደግሙት ኤፕሲሎን ወደ 0.98 ይወጣል፤ ኪው-ካሬ ግን ወደ 0.17 ይወርዳል። በአንድ የጨረር ኢነርጂ ሲሠሩ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው እንደሚንቀሳቀሱ ከዚህ ይታያል። ውጤቱን በኤፕሲሎን ብቻ ሥሎ ማሳየት ስለዚህ አሳሳች ነው፤ በየነጥቡ ስር ኪው-ካሬን መጻፍ ያስፈልጋል።

ምን ያህል ለውጥ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይገምቱ

ግምት ሳይኖር ወደ መለካት የገባ ሰው ጥንቃቄውን የት ላይ ማዋል እንዳለበት አያውቅም። ኪው-ካሬን 5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ካሬ እናድርገው፤ ታው 1.42 ይሆናል። በሮዘንብሉት ዘዴ ክሮስ ሴክሽኑ በኤፕሲሎን ላይ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን፣ የኤሌክትሪካዊው ፎርም ፋክተር ድርሻ የሚነበበው ከመስመሩ ዝንባሌ ነው። የፎርም ፋክተሮቹ ጥምርታ 1 ቢሆን ኖሮ፣ ከኤፕሲሎን ዜሮ እስከ አንድ ክሮስ ሴክሽኑ የሚያድገው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የስፒን ሙከራዎቹ በሚሰጡት ጥምርታ፣ ማለትም በ0.36 ገደማ ከተሰላ ደግሞ ዕድገቱ ከአንድ በመቶ ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ ሁለቱን ዘዴዎች ያጣላው ጉዳይ በመላው የኤፕሲሎን ክልል ላይ 8 በመቶ ያህል የሆነ የዝንባሌ ልዩነት ነው። በካሬ ያደገ ትንሽ ቁጥር ከትልቅ ቁጥር ጎን ሲደመር፣ ጥቂት በመቶ የሆነ ስውር እርማት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሊያዛባው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ምልክቱም ከዚሁ ይነበባል። የሮዘንብሉት ዝንባሌ ከሚገባው በላይ የቆመ ከሆነ፣ የሁለት ፎቶን ልውውጥ በዝቅተኛ ኤፕሲሎን የኤሌክትሮንን ክሮስ ሴክሽን ዝቅ አድርጎታል ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ የፖዚትሮን ለኤሌክትሮን ጥምርታ ከአንድ በላይ መሆን ይኖርበታል። በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኪው-ካሬ ግን ሌላ መመዘኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ማኪንሊና ፌሽባክ ለማይንቀሳቀስ ነጥብ-ቻርጅ ያወጡት ውጤት ለኤሌክትሮን አዎንታዊ እርማት ይሰጣል፤ በ90 ዲግሪ ይህ እርማት 0.95 በመቶ ያህል ስለሆነ ጥምርታው ወደ 0.98 ይወርዳል። በጠባብ ማዕዘን ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠፋል። ጥምርታው በአንድ ክልል ከአንድ በታች፣ በሌላው ከአንድ በላይ መጠበቁ እንግዳ ሊመስል ቢችልም፣ የስሌት መሣሪያዎን ለመፈተሽ የሚረዳው ይኸው ነው፤ ፕሮግራምዎ ወደ ዜሮ ኪው-ካሬ ሲጠጋ የፌሽባክን ቁጥር ካልሰጠ ወደ ፊት አይሂዱ።

የሚያስፈልገው የክስተት ብዛት በቀላሉ ይሰላል። ከእያንዳንዱ ጨረር 10,000 ክስተት ቢቆጠር የጥምርታው ስታቲስቲካዊ ስህተት 1.4 በመቶ ነው፤ ይህም ከሚፈለገው ውጤት ጋር እኩል ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ስህተቱን ወደ ግማሽ በመቶ ለማውረድ ከእያንዳንዱ 80,000 ያስፈልጋል፤ ያውም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ።

ጨረሩን መምረጥ

ጥሩ የፖዚትሮን ጨረር ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በ1960ዎቹ የተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ ንጽጽሮች በአብዛኛው ኤፕሲሎን ወደ አንድ በተጠጋበት ወይም ኪው-ካሬ ዝቅ ባለበት ክልል ተወስነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሙከራዎች ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ተከትለዋል፤ የእርስዎን ሙከራ ሲያቅዱም ሆነ የሌሎችን ውጤት ሲያነቡ ልዩነታቸውን ማወቅ ግድ ነው።

በሩሲያ ኖቮሲቢርስክ የሚገኘው ቬፕ-3 የማከማቻ ቀለበት ነው። በ1.6 እና በ1.0 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በተራ እየተሞሉ፣ በቀለበቱ ውስጥ በተቀመጠ የሃይድሮጅን ጋዝ ዒላማ ላይ እንዲያልፉ ተደረገ። ዳሳሹ ማግኔት አልነበረውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱም ቻርጆች መንገድ አይጎብጥምና ዳሳሹ ሁለቱን በእኩል ዓይን ያያል። ጉድለቱ ደግሞ ሁለቱን ጨረሮች እርስ በርስ ያመጣጠኑት በጠባብ ማዕዘን በተበተኑ ክስተቶች መሆኑ ነው። በዚያ የማመጣጠኛ ነጥብ ላይ ጥምርታው አንድ ነው ተብሎ ስለተወሰደ፣ የተገኘው ውጤት አንጻራዊ ነው፤ ከንድፈ ሐሳብ ጋር ከማነጻጸር በፊት ንድፈ ሐሳቡ በዚያ ነጥብ የሚሰጠውን እሴት ማካተት ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሥዕል ከአንድ ጊዜ በላይ አጋጥሞኛል።

የጄፈርሰን ላቡ የክላስ ሙከራ የተለየ ብልሃት ተጠቀመ። 5.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነ የኤሌክትሮን ጨረር ፎቶኖችን ያወጣል፤ ፎቶኖቹ ስስ ንጣፍ ላይ ሲያርፉ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንዶች ይፈጥራሉ፤ ጥንዶቹም በማግኔቶች ተለያይተው የቀሩት ፎቶኖች ከተወገዱ በኋላ እንደገና ተቀላቅለው በአንድ ጊዜ ወደ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ዒላማ ይሄዳሉ። ሁለቱም ጨረሮች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዒላማ ላይ ስለሚያልፉ በጊዜ ብዛት የሚፈጠር የመሣሪያ መዋዠቅ ይቀራል። የሚከፈለው ዋጋ ግን የእያንዳንዱ ሌፕቶን ኢነርጂ አስቀድሞ የማይታወቅ መሆኑ ነው፤ ከማዕዘኖቹ ተመልሶ መሰላት አለበት።

ኦሊምፐስ ደግሞ በዶሪስ ቀለበት ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 መረጃ ሰብስቦ ውጤቱን በ2017 አሳተመ። የጨረሩ ዓይነት በየዕለቱ ገደማ ይለዋወጥ ነበር። የተጠቀመበት ትልቅ ማግኔትና ዳሳሽ ቀደም ሲል በአሜሪካ ኤምአይቲ ለሌላ ሙከራ ሲያገለግል የነበረ ነው። በአንድ የታወቀ የጨረር ኢነርጂ መሥራቱ ስሌቱን ያቀልላል፤ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በተለያየ ጊዜ መምጣታቸው ግን ሉሚኖሲቲን (ጨረሩ ከዒላማው ጋር የተገናኘበትን መጠን) የሥራው ማዕከል አድርጎታል።

ስለ ሉሚኖሲቲ አንድ ነገር ልጨምር። ፍጹም ዋጋውን በትክክል ማወቅ አያስፈልግም፤ በጥምርታው ውስጥ የሚገባው የፖዚትሮኑ ለኤሌክትሮኑ ያለው ብቻ ነው። ነገር ግን እርሱ በአንድ በመቶ ቢሳሳት መላው ሥዕል በአንድ በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይነሣል፤ ይህም የሚፈለገው ውጤት ያህል ነው። ኦሊምፐስ በ1.29 ዲግሪ ላይ የጨረሩን ቅንጣቶች በዒላማው ኤሌክትሮኖች ላይ መበተን የሚቆጥሩ ካሎሪሜትሮችን፣ በ12 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከፕሮቶን የሚመጣውን ብተና የሚከታተሉ ቴሌስኮፖችን አስቀምጦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ላይ ኤሌክትሮን በኤሌክትሮን ሲበተንና ፖዚትሮን በኤሌክትሮን ሲበተን ክሮስ ሴክሽኖቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱንም በንድፈ ሐሳብ ማስላት ያስፈልጋል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ራሳቸው የሁለት ፎቶን ልውውጥ ይነካቸዋል። ስለዚህ የሚመከረው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ ካሎሪሜትሮቹ ሉሚኖሲቲውን ሲሰጡ የ12 ዲግሪው መለኪያ ራሱን የቻለ የውጤት ነጥብ ይሆናል።

የሚዛኑን ሳህኖች መለዋወጥ

ማግኔት ያለው ዳሳሽ ኤሌክትሮንን ወደ ውስጥ ካጠፈ ፖዚትሮንን ወደ ውጭ ያጥፋል። ሁለቱ በተለያዩ የዳሳሹ ክፍሎች ላይ ያርፋሉ፤ አንዱ ክፍል የሞተ ሽቦ ወይም የደከመ ቆጣሪ ካለው የሐሰት ጥምርታ ይፈጠራል። መፍትሔው በገበያ የሚታወቅ ነው። የሁለት ሳህን ሚዛን ክንዶች እኩል መሆናቸውን የሚጠራጠር ገዢ ዕቃውን በአንዱ ሳህን ያስመዝናል፤ ከዚያም ሳህኑን ቀይሮ ያስመዝናል፤ እውነተኛው ክብደት የሁለቱ ንባቦች ብዜት ካሬ ሥር ነው። እዚህም በአንድ የማግኔት አቅጣጫ የፖዚትሮን ለኤሌክትሮን ቆጠራ ጥምርታ ይወሰዳል፤ የማግኔቱ አቅጣጫ ተገልብጦ እንደገና ይወሰዳል፤ የሁለቱ ብዜት ካሬ ሥር ሲወጣ የዳሳሹ ቅልጥፍና ልዩነት ይሰረዛል። ክላስ ከዚህም አልፎ ጨረሮቹን የሚለያዩትን ማግኔቶች አቅጣጫ ጭምር ስለገለበጠ ከአራት ጥምርታዎች ብዜት አራተኛ ሥር ወሰደ።

ይህ ስረዛ የሚሠራው ፕሮቶኑን የመያዝ የዳሳሹ ቅልጥፍና ለሁለቱም ጨረሮች እኩል ከሆነና በመካከሉ ዳሳሹ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ደግሞም ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም፤ ኦሊምፐስ በአሉታዊው የማግኔት አቅጣጫ ሲሠራ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ወደ መከታተያ ክፍሎቹ እየጎረፉ ስላስቸገሩ አብዛኛው መረጃ የተሰበሰበው በአዎንታዊው አቅጣጫ ነው። እንዲህ ሲሆን ስረዛው በዝርዝር የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይተካል፤ ሲሙሌሽኑም የማግኔቱን መስክ፣ የእያንዳንዱን ቆጣሪ ቅልጥፍናና የጨረሩን ቦታ እንደየዕለቱ መከተል አለበት።

እውነተኛውን ብተና መለየት

ሌፕቶኑና ፕሮቶኑ አብረው ከተያዙ የመለያ መንገዶቹ ከሚያስፈልጉት በላይ ናቸው፤ ይህ የዚህ ሙከራ በረከት ነው። ሁለቱ ቅንጣቶች ከጨረሩ ጋር በአንድ ወለል ላይ መዋል ስላለባቸው፣ በጨረሩ ዙሪያ የሚለኩት ማዕዘኖቻቸው ልዩነት 180 ዲግሪ መሆን አለበት። የጨረሩ ኢነርጂም ከሁለቱ የመበተን ማዕዘኖች ብቻ ይገኛል፤ የሌፕቶኑን ግማሽ ማዕዘን ኮታንጀንት በፕሮቶኑ ማዕዘን ኮታንጀንት ያባዙና አንድ ቀንሰው በፕሮቶኑ ግዝፈት ያባዙት። ቅድም ባሰላነው ምሳሌ ሌፕቶኑ በ60 ዲግሪ ሲሄድ ፕሮቶኑ በ28.9 ዲግሪ ይወጣል፤ ቀመሩም 2.01ን መልሶ ይሰጣል። ኢነርጂው አስቀድሞ የማይታወቀው የክላስ ሙከራ የተደገፈው በዚሁ ቀመር ላይ ነው።

በፖዚትሮን ጨረር ጊዜ ሁለቱም ወጪ ቅንጣቶች አዎንታዊ ስለሆኑ ፖዚትሮኑን ከፕሮቶኑ በጉብጠቱ አቅጣጫ መለየት አይቻልም፤ በኤሌክትሮን ጊዜ ግን ይቻላል። የበረራ ጊዜን ወይም ሌላ መለያ ሲጠቀሙ ታዲያ ለሁለቱም ጨረሮች ያንኑ መለያ፣ ያንኑ ገደብ ይተግብሩ። ለኤሌክትሮኑ ቀላል መንገድ ስላለ ብቻ በተለየ መንገድ ከመረጡት ቻርጅን የሚለይ ስህተት በራስዎ እጅ አስገቡ ማለት ነው።

ራዲዬቲቭ እርማት

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ የተለካ ጥምርታ የሁለት ፎቶን ልውውጥ የሚሆነው እዚህ ነውና። የተበተነ ሌፕቶን ፎቶን ይለቃል፤ ፕሮቶኑም ይለቃል፤ ዳሳሹ እነዚህን ፎቶኖች አያያቸውም። እርማቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። ቻርጅ ሲገለበጥ የማይለወጡት የሌፕቶኑን የራሱን ልቀት፣ የቫኪዩም ፖላራይዜሽንን እና የመሳሰሉትን ይይዛሉ፤ እነዚህ ትላልቅ ናቸው፤ እስከ ሃያ በመቶ ሊደርሱ ይችላሉ። ቻርጅ ሲገለበጥ ምልክታቸው የሚገለበጠው ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የሁለት ፎቶን ልውውጡ ራሱ፣ እና ሌፕቶኑ በለቀቀውና ፕሮቶኑ በለቀቀው ፎቶን መካከል ያለው ኢንተርፌረንስ። ሁለተኛው ከምንፈልገው ውጤት ጋር ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ መቀነስ ብቻ ሳይሆን የእርስዎን የመምረጫ ገደቦች ጠብቆ መሰላት አለበት።

ብዙ ጀማሪዎች የማይለወጡት እርማቶች በማካፈል ጊዜ ይሰረዛሉ ብለው ይተዋቸዋል። ሙሉ በሙሉ አይሰረዙም። በትክክል ሲጻፍ ጥምርታው ከአንድ ላይ የሚቀነሰው የሁለቱ ተገልባጭ ክፍሎች ድምር እጥፍ፣ አንድ ሲደመር የማይለወጠው እርማት ተካፍሎ ነው። ለልምምድ ያህል ቁጥር እንስጠው። ያልታረመው ጥምርታ 1.040፣ የማይለወጠው እርማት ከዜሮ በታች 0.20፣ የልቀቱ ኢንተርፌረንስ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.010 ይሁን። ከአንድ የበለጠው 0.040 በ0.80 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 0.016 ይሆናል፤ ምልክቱ አሉታዊ ነው። ከዚህ ላይ የልቀቱ ድርሻ ሲወጣ ለሁለት ፎቶን ልውውጡ 0.006 ይቀራል፤ ስለዚህ የታረመው ጥምርታ 1.012 ነው። በ0.80 ማባዛቱን የረሳ ሰው ግን 1.020 ያገኛል፤ ማለትም ውጤቱን በሁለት ሦስተኛ ያህል አጋንኖ ያሳትማል።

ሌላው ጉዳይ የስምምነት ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ፎቶኖች አንዱ ኢነርጂው ወደ ዜሮ ሲጠጋ አምፕሊትዩዱ ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ይህ ወሰን የለሽነት ከላይ በጠቀስነው የልቀት ኢንተርፌረንስ ውስጥ ባለው አቻው ይሰረዛል። ስለዚህ "ለስላሳ" የሚባለው ክፍል ከእርማቱ ጋር ተደምሮ ይወጣል፤ የሚለካው "ጠንካራው" ቀሪ ነው። ድንበሩን የት ላይ ማስመር እንዳለበት ግን ተፈጥሮ አትነግረንም። ሞ እና ጻይ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ማክሲሞንና ቾን ደግሞ በ2000 በተለያየ ቦታ አስምረውታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመለኪያው ስህተት ጋር ሊስተካከል ይችላል። የትኛውን እንደተጠቀሙ ሳይጽፉ ውጤት አያቅርቡ፤ የሌላውን ሰው ውጤት ከራስዎ ጋር በአንድ ሥዕል ላይ ከማስቀመጥዎ በፊትም ወደ አንድ ስምምነት ይለውጡት።

በተግባር ይህ ሁሉ የሚሠራው ፎቶን የሚለቁ ክስተቶችን ለኤሌክትሮንና ለፖዚትሮን ለየብቻ የሚያመነጭ ፕሮግራም በማዘጋጀት፣ ክስተቶቹን በዳሳሹ ሲሙሌሽን በማሳለፍና እንደ እውነተኛ መረጃ በማጣራት ነው። የመጨረሻው ቁጥር የመረጃው ጥምርታ ለሲሙሌሽኑ ጥምርታ ተካፍሎ ይሆናል። የመምረጫ ገደቦቹን አጥብበውና አላልተው ደግመው ያስሉት፤ ቁጥሩ ከስህተቱ ክልል ውጭ ከተንቀሳቀሰ እርማቱ ወይም የጀርባ ክስተቶች ቅነሳው ልክ አይደለም።

ውጤቱን ማንበብ

ሦስቱም ሙከራዎች ተደምረው የሚሰጡት ሥዕል ይህ ነው። ኪው-ካሬ ከ2 ጥቂት አለፍ እስከሚል ድረስ ባለው ክልል የሁለት ፎቶን ልውውጥ አለ፤ አቅጣጫውም የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት ከሚያስታርቀው ጋር ይስማማል። ኦሊምፐስ ከኤፕሲሎን 0.456 እስከ 0.978 ድረስ ለክቶ፣ በከፍተኛው ኤፕሲሎን በኩል ጥምርታው ከአንድ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ፣ በዝቅተኛው በኩል ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። ይህ አንዳንድ የሃድሮን ሞዴል ስሌቶች ከሚተነብዩት ያነሰ ሲሆን፣ ከዲስፐርሽን ስሌትና በፎርም ፋክተር መረጃዎች ላይ ከተገጠመው ቀመር ጋር ተቀባይነት ባለው መጠን ይስማማል።

ከዚህ በላይ ማለት ግን አይቻልም። ሁለቱ ዘዴዎች በሰፊው የሚራራቁት ኪው-ካሬ ከ3 በላይ ሲሆን ነው፤ እዚያ በፖዚትሮን የተለካ ትክክለኛ ነጥብ የለም። በ2 የተገኘን ስምምነት ወደ 5 ማራዘም ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። አንድ ተጨማሪ ምስክር አለ፤ ጄፈርሰን ላብ በኪው-ካሬ 2.5 የስፒን ጥምርታው በኤፕሲሎን ይለዋወጥ እንደሆነ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ውጤት ለውጥ አላሳየም። ይህ የሁለት ፎቶን ልውውጥ የለም ማለት አይደለም፤ በስፒን ጥምርታው ውስጥ ብዙው ይሰረዛል ማለት ነው። የልውውጡ አምፕሊትዩድ ኢማጂናሪ (በሒሳብ ትርጉሙ ምናባዊ) ክፍል ደግሞ በክሮስ ሴክሽኑ ጥምርታ ጨርሶ አይታይም፤ እርሱ የሚለካው የጨረሩ ስፒን ከብተናው ወለል ጋር ቀጥ ብሎ ሲቆም በሚፈጠረው፣ በሚሊዮን ጥቂት አሥር በሚሆን አለመመጣጠን ነው። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው።

ቀጣዩን መለኪያ የሚያቅድ ሰው ከሁለት ተጻራሪ ነገሮች ጋር ይታገላል። ኪው-ካሬ ሲያድግና ኤፕሲሎን ሲቀንስ የሚፈለገው ውጤት ይጎላል፤ ቆጠራው ግን ይመናመናል። በተለመደው የዲፖል ግምት ፎርም ፋክተሩ በካሬ ከኪው-ካሬ 2 ወደ 5 ሲሄድ ብቻ 20 ጊዜ ያህል ይወርዳል፤ የሌፕቶኑ የመበተን ዕድል መቀነስ ገና ሳይታከልበት ማለት ነው። ስለዚህ በ2 ላይ 80,000 ክስተት በአንድ ሳምንት የሚሰበስብ መሣሪያ፣ በ5 ላይ ያንኑ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ወር ያህል ጨረር ይጠይቃል። በጄፈርሰን ላብ የፖዚትሮን ጨረር ለማዘጋጀት የሚደረገው ዝግጅት ትኩረት የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። የሙከራ ሐሳብ ሲጽፉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚቀመጠው ሠንጠረዥ ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ የሚጠበቀው ጥምርታ፣ የሚያስፈልገው የጨረር ጊዜ፣ እና የጨረሮቹ አንጻራዊ ሉሚኖሲቲ የሚታወቅበት ትክክለኛነት። ሦስተኛው ዓምድ የሚጠበቀው ጥምርታ ከአንድ ካለው ልዩነት በግልጽ ካላነሰ ሁለተኛውን መሙላት አያስፈልግም።